መስኮቱ ዳር ያስቀመጥኩት እሬት

ለማከብርሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ዋጃ ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ይዟል ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛ የቢሮ ልጆች ሁላችንም ደኅና ነን፤ ቆቦም ሙቀቷን አልቀነሰችም። የዓመት ፈቃድሽን ሳትጨርሺ በደብዳቤ የምረብሽሽ፣ ደውዬ ድምፅሽን መስማት ስላፈርኩ ነው።

ነገሩ የቢሮው አትክልት ነው። ከደሴ ያስመጣኋቸው አበቦች ሳምንት ሳይሞላቸው ተቃጥለው መሣቂያ እንደሆንኩ ታስታውሻለሽ። ከዚያ ስልኬ ላይ ስፈልግ፣ ለቢሮ የሚመች፣ ብዙ ውኃ የማይጠይቅ፣ ቢረሱትም የማይቀየም ተክል እሬት ነው የሚል አገኘሁ። ክረምት ነበር፤ ከመስክ ስመለስ ከዋጃ መንገድ ወረድ ብሎ አንድ ግራር ሥር ሣር መሐል በቅሎ አየሁትና ከአንድ ቦታ አራት ችግኝ ከነሥሩ ነቅዬ መጣሁ። ጀሪካን ቆርጬ፣ አፈሩን ከአሸዋ ቀላቅዬ መስኮቱ ዳር ደረደርኳቸው። ውኃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቻ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ያጠጣ ወዮለት እያልኩ አዋጅ ሳስነግር ሁሉም ሲስቅ አንቺ ብቻ ጠጋ ብለሽ አየሻቸው። ከየት እንደነቀልኩት ጠየቅሽኝ። ከግራሩ ሥር ነው፣ ባለቤት የለውም አልኩሽ። ባለቤት የለውም! እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩልሽ።

በማግስቱ አንዱን ቤት ወስጄ ልንከባከበው ስትዪኝ በሰው ፊት ቀለድኩብሽ። የመንግሥት ንብረት ልትዘርፊ ነው ወይ አልኩ። ፈገግ ብለሽ ይዘሽው ሄድሽ። ያንን ፈገግታሽን ባሰብኩ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል።

ባለፈው ሳምንት ታሂር የሚባሉ አዛውንት ባለጉዳይ መስኮቱን አይተው በሩ ላይ ቀሩ። ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ እዚያ ያለው እሬት የተተከለው መቃብር ላይ መሆኑን፣ የአገሩ ሰው ሟቹ እንዳይረሳ ብሎ እንደሚተክለው ነገሩኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፣ የአገሩን ልማድ አላውቅም ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጠይቄ እንዳልነቅል ማን ከለከለኝ?

ቅዳሜ የቀሩትን ሦስቱን ይዤ በሚኒባስ ወረድኩ። ሣሩ ደርቆ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። እኔ በቆፈርኩት ቦታ አንድ እሬት ተተክሎ አገኘሁ፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ስነቅለው ጫፉን የሰበርኩት ቅጠል ስላለበት ወዲያው ለየሁት፤ አንቺ የወሰድሽው ነው። ሦስቱን ከጎኑ መልሼ ተከልኳቸው። ሳላስፈቅድሽ መትከሌም ሌላ ድፍረት ከሆነ ንገሪኝ።

ሁሉንም ለምን እንዳልወሰድሽ አሁን ገባኝ። ብትወስጂያቸው ሰው ይጠይቅ ነበር፤ እኔም በሁሉም ፊት እዋረድ ነበር። እኔ እንዳላፍር ብለሽ እነዚያን ሦስቱን በየቀኑ እያየሽ ሥራሽን ሠራሽ።

እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ። እናትሽ ቤት ልምጣ ወይስ እስክትመለሺ ልጠብቅ፣ አንቺ እንዳልሽ። መቃብሩን ግን አየሁት፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ ከአንድ እርምጃ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ ልጅ እንደነበረሽ አላውቅም ነበር።

አላህ ያጽናሽ። ለእናትሽም ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ።

ዓይንሽን ለማየት ያፈረው ወንድምሽ