ብቻዬን እንዳልነበርኩ ለነገራችሁኝ ክቡራን

ለተከበረው የሕግ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ቦርድ፣
ባላችሁበት፤

ክቡራን ሆይ፣ ይህ ክፉ ወረርሽኝ ደጃችሁን ሳይረግጥ እናንተም ቤተሰባችሁም በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ፣ የምትቀመጡባቸው ወንበሮችም እንዳይቆረቁሯችሁ ከልብ እመኛለሁ። በፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ በጽሕፈት መኪና የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረው አባቴ፣ የተቆጣ ሰው መጀመሪያ ጤና ይመኝ፣ ነገሩን ከዚያ በኋላ ይናገር ይል ስለነበር እኔም ምኞቴን አስቀድሜያለሁ። አሁን ወደ ነገሩ።

ፈተናውን ከአዳራሽ አውጥታችሁ በኦንላይን እያንዳንዳችን ቤት ድረስ ስላመጣችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለጤናችን አስባችሁ ነው፤ በዚህ እንኳ አልቀልድም፣ አባቴን የወሰደው ይኸው በሽታ ነውና። ይሁን እንጂ በላካችሁልኝ ውሳኔ ላይ፣ ተፈታኟ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጥያቄዎቹን ለሌላ ሰው ስታነብ፣ መልስ ስትጠብቅና ራሷን ስትነቀንቅ በካሜራ ስለታየች ውጤቷ ተሰርዟል፣ ዳግመኛም ለፈተና አትቀመጥም የሚል አንብቤ እጅግ ተደነቅሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው መኖሩን ከሁሉም በኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ተቆጣጣሪያችሁን ስለላካችሁልኝ። ከቀብሩ ወዲህ ቤቴን ያየ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ ርቀት መጠበቅ ግዴታ ነው ተብሎ ከደጅ እጃቸውን አውለብልበው የተመለሱበትን ክፍል፣ የእናንተ ሰው ግን በስክሪን ገብቶ ካሜራውን ያዙሩ፣ ከአልጋው ሥር ያሳዩ፣ መጋረጃውን ይግለጡ እያለ አንድ በአንድ ጎበኘው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንግዳ እንደሚመጣ ሁሉ ከማለዳው ጀምሬ ቤቱን ስጠርግና ስወለውል ነበር። በመጨረሻም ብቻዬን መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ። ከእሱ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዎ፣ ብቻዬን ነኝ አልኩት፤ እሱም ደስ አለው።

፪ኛ. ክፍሌን ስላጸዳችሁልኝ። በካሜራው የሚከታተለን ማሽን ፊት ስለሚቆጥር፣ ግድግዳ ላይ የሰው ምስል ካየ ሁለተኛ ሰው ገባ ብሎ ይከሳል በመባሌ፣ የአባቴን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ወንበር የማን እንደሆነ ተጠየቅሁ። የማንም አይደለም አልኩ። የማንም ካልሆነ ይውጣ ተባለ፣ አውጥቼ ኮሪደር ላይ አቆምኩት። ከታች የሚኖረው ጎረቤቴ፣ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ ፈትቶ የሚውለው ፀጉር አስተካካይ፣ ለዚያ ቀን ኢንተርኔቱን አውሶኝ ሚስቱንና ልጆቹን ስልክ የነካ ወዮለት ብሎ አስሮ ያዋለልኝ ደግ ሰው ነው። ፈተናው ሲያልቅ ወንበሩን ኮሪደር ላይ አይቶ የምጥለው መሰለው፤ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ልጄ፣ ዳኛ ስትሆኚ ሱቄን የዘጉብኝን ሰዎች ትቀጪልኛለሽ፣ እስከዚያ ግን ያባትሽን ወንበር እንዳትጥዪ ብሎኝ ወረደ። እኔም ወንበሩን መልሼ አስገባሁት።

፫ኛ. የንባቡ ጉዳይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ዓይኑ ከደከመ በኋላ የማጠናውን ሁሉ ድምፄን አውጥቼ የማነበው ለእሱ ነበር። አንድ አንቀጽ አንብቤ እቆማለሁ፤ ከማዶ ሆኖ ቀጥዪ ይለኛል፤ እቀጥላለሁ። ዝም ካለ አልገባውም ማለት ነው፣ ለእሱ ያልገባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለእኔም ያልገባኝ ነውና ደግሜ አነበዋለሁ። አንዳንዴማ እንቅልፍ ይዞት እያንኮራፋ እንኳ ድምፄ ሲቆም ቀጥዪ ይል ነበር፤ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ! ማንበብ የለመድኩት እንዲህ ነው፣ ድምፄን ካልሰማሁ ፊደሉ ዓይኔ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በፈተናው ቀንም እያንዳንዱን ጥያቄ አነበብኩ፣ ቆምኩ፣ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ቀጠልኩ። መልስ ስትጠብቅ ታይታለች ያላችሁትም እውነት ነው። ጠብቄያለሁ፤ የመለሰልኝ ግን የለም።

፬ኛ. ስለ ይግባኙ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና መጠርጠራችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ይግባኝ ስል የሰጣችሁኝ መልስ፣ ሕግ ተምሬ ብመረቅ እንኳ የማላገኘው ዕውቀት ነው። በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እንደነበርኩ፣ በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ በዓይኑ ያየ ምስክር አቅርቢ ተባልኩ። እሰይ! ምስክር ካገኘሁ ብቻዬን አልነበርኩምና ጥፋተኛ ነኝ፤ ምስክር ካጣሁም አላስረዳሁምና ጥፋተኛ ነኝ። ይህን ደንብ ያረቀቁትን ሊቅ እጃቸውን በሳምኩ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መነካካት ስለተከለከለ ከሩቅ እጅ ነስቻለሁ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ሲባል ነበር የማውቀው፣ እኔ ግን በእናንተ ቸርነት ብቻዬን ሮጬ ተቀደምኩ።

አምስተኛ ቁጥር ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ቀልዱንም ልተወው። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በዚያ በር ላይ ተቀምጦ የሰው ጉዳይ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ኖረ፤ ምኞቱ እኔ ራሴ በበሩ እንድገባ ነበር። እሱን ቀብሬ የቀረኝ ይህ ፈተና ነው። ይህንንም ከወሰዳችሁብኝ ማታ ማታ ለምን እንደማነብ አላውቅም፤ ካላነበብኩ ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ውሳኔው ከምስሉ ብቻ እንደተሰጠ ራሳችሁ ጽፋችኋል፣ ድምፁም በእጃችሁ እንዳለ ጨምራችሁ ጽፋችኋል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ከፍቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጠኝ። ብቻዬን እንደነበርኩ ከዚያ የበለጠ ምስክር የለኝም።

ጊዜያችሁን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ፊታችሁ ባይታየኝም ፊታችሁ ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ብቸኝነቷን ማስረዳት ያቃታት ተፈታኛችሁ

ግልባጭ፦
ከጠረጴዛዬ ማዶ ላለው ወንበር

ማሳሰቢያ፦ ድምፁን ስትከፍቱ፣ እኔ አንብቤ ባቆምኩ ቁጥር ቀጥዪ የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከሰማችሁ፣ እናንተ ልክ ነበራችሁ። ውጤቴን ሰርዙት፣ አልከራከርም። ቅጂውን ብቻ ላኩልኝ።