ሕልም ሳያዩ የተነሡት የወይዘሮ ሪሀና ኸድር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሪሀና ኸድር የቆላው ማሽላ እሸት በደረሰበት በጥቅምት ወር 1979 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ኸድር ጀይላንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘይቱና ሀሩን በቀወት ወረዳ ተወለዱ። በሰባት ወራቸው ስለመጡ ይተርፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ከሁሉም ይልቅ እናታቸው አላሰቡም። እርሳቸው ግን በጥጥ ተጠቅልለው፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ አፈር እንደገባ ዘር ቀስ ብለው በረቱ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል በተወለዱበት ቀበሌ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሸዋ ሮቢት ተማሩ። መልሱን እያወቁ እጃቸውን ሳያወጡ ሌላው ልጅ ይቀድማቸው ነበር። እናታቸው ይህን ጭምትነት ወደዱት፤ ያልተነሣ አይወድቅም ብለው። በ2000 ዓ.ም. በግብርና ዲፕሎማ ተመርቀው በዚያው በቀወት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. ከባጃጅ አሽከርካሪው ከአቶ ሙሀሲን አብዱልሃዲ ጋር በኒካሕ ተጋብተው ናጅዋንና አብዱረሂምን ወለዱ።

በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ከአንድ ገበሬ ማሳ ሲመለሱ ማንጎ ከዛፉ ሥር ረግፎ፣ ንብ ወርሮት፣ መሬቱ ቢጫ ሆኖ አዩ። ገዢ ጠፍቶ ነው። ወይዘሮ ሪሀና እዚያ ቆመው ፀሐዩን ቀና ብለው አዩት። ማታ ለባለቤታቸው፣ «ይህ ፀሐይ ሰውን ካደረቀ ማንጎን ለምን አያደርቅም?» አሏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ አብሯቸው ኖረ። ማሾ እየለቀሙ ሳሉ እጃቸው ይቆምና፣ ቀጫጭን የማንጎ ቁራጮች በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግተው ከአዋሽ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲዳብሳቸው ይታያቸው ነበር። ሽታው ሳይቀር ይሸታቸው ነበር። ወዲያው ደግሞ ሌላው ሐሳብ ይከተላል፤ ዝናብ ቢመጣስ? ዝንብ ቢያርፍበትስ? ሰው ባይገዛስ? ሰው ቢስቅስ? ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር፤ አንዱ ደብተር ሲሞላ ሌላ ይገዛሉ።

አላህን ለማማከርም ኢስቲኻራ ይሰግዱ ነበር። ሰግደው ይተኙና መልሱ በሕልም እንዲመጣ ይጠብቃሉ። ሕልም ግን እንደ ሮቢ ወንዝ ነው፤ ሲጎድልም ሲሞላም ለሰው አይነግርም። አንድ ጊዜ ነጭ በሬ ወንዝ ሲሻገር አዩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተማው ሁሉ በቢጫ ብርሃን ተሞልቶ፣ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ ሲሄድ አዩ። ጠዋት ለእናታቸው ይነግራሉ፤ ሕልሙን የሚፈቱላቸው ወይዘሮ ዘይቱና ነበሩና። «ውሃው ደፍርሶ ነበር? እንግዲያስ ኸይር የለውም፤ ይቅርብሽ» ይሏቸዋል። ቢጫው ብርሃን ሲነገራቸውም፣ «ቢጫ በሽታ ነው» አሉ። እናት ልጃቸውን ከክፉ የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ሰው ከተማውን ጥሎ ሲወጣ አብረው ወጡ፤ ተመለሱ፤ በዚያም ዓመት ማንጎው እንደ ወትሮው አፈርቶ እንደ ወትሮው ረገፈ።

በ2015 ዓ.ም. በሰፈሩ ዱዓ ላይ ሸህ አሊዪን አገኟቸውና ሌላ የተሻለ ዱዓ እንዲያስተምሯቸው ለመኗቸው።

«ስንት ጊዜ ሰገድሽ?» አሉ ሸሁ።

«ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፣ ሸሃችን።»

«አንቺ ልጅ፣ ኢስቲኻራ ሰግዶ መንገድ ይጀመራል እንጂ ተመልሶ አይተኛም። ከሄድሽ በኋላ ከገራልሽ ኸይር ነው፤ ከተዘጋብሽ ትመለሻለሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአላህን መልስ ትራስ ሥር ትፈልጊያለሽ?»

የተቀመጠው ሰው ሳቀ፤ ወይዘሮ ሪሀናም ሳቁ። በማግስቱ ሁለት ረከዓ ሰግደው ሳይተኙ ወጡ። አንድ ቅርጫት ማንጎ ገዝተው፣ በጓሯቸው የሽቦ አልጋ ላይ ሻሽ ዘርግተው፣ ቆራርጠው አሰጡ።

የመጀመሪያው ጠቆረ። እናታቸው መጥተው አዩና፣ «አላልኩሽም?» አሏቸው።

«ብለሽኛል እማ። ግን ይጠቁራል ያልሽኝ የለም፤ እኔም በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን አላሰብኩትም። አሁን አወቅሁት።»

ሁለተኛውን ስስ አድርገው ቆረጡ፣ ሎሚ በጨመቁበት ውሃ ነክረው አወጡ፤ በሦስተኛው ቀን እንደ ማር የሚያበራ ሆነ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ በአጥር አሻግረው አይተው፣ «ሪሀና፣ የማንጎ ቋንጣ ደግሞ ከየት አመጣሽ?» ብለው ቀለዱ። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። ካራቆሬ፣ ማጀቴና ደብረ ብርሃን ድረስ «የማንጎ ቋንጣ» ተብሎ ተሸጠ። የቀለዱት ወይዘሮ ሙሉ የመጀመሪያ የሥራ ባልደረባቸው ሆኑ፤ ወይዘሮ ዓይሻ ተከተሉ፤ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አንድ ሴቶች ሆኑ። ከመንግሥት ሥራቸው የለቀቁ ዕለት እናታቸው አልቅሰዋል።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ማንጎው ሲደርስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናታቸው የልጃቸው ሕመም እስኪሻል ድረስ ሥራው እንዲዘጋ አዘዙ። ወይዘሮ ሪሀና ከተኙበት ሆነው፣ «እማ፣ የበሰለ ማንጎ በሽተኛ አያስታምምም» አሉ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ፊታቸው ግን ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ወይዘሮ ዘይቱና ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላዋ አንሥተው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። ወፍራም ስለቆረጡ ልጃቸው በመስኮት እያዩ አርመዋቸዋል።

ወይዘሮ ሪሀና ኸድር ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸው አቶ ሙሀሲን፣ ልጆቻቸው ናጅዋና አብዱረሂም፣ አባታቸው፣ እናታቸው፣ አሥራ አንዱም ሴቶች ከኋላቸው ቀርተዋል።

የሐዘኑ ሦስት ቀን ሲያበቃ ሐሙስ ጠዋት የሥራው በር ይከፈታል። ቁልፉ ያለው እናታቸው ዘንድ ነው።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። የሠሩትን ይቀበላቸው፤ ሲያስቡት ኖረው ዕድሜ ያልሰጣቸውንም እንደ ሠሩት ይጻፍላቸው። ኣሚን።