የሚታጠፈው ጠረጴዛና የሆሻችን ድንበር

ለየሺዬ፣ ለጀብራው ቤታችን የግቢ ገዢ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን ደህና አይደለም። ልጃችን ትርሲት ከባሏ ጋር ቡሪ ሰፈር ገብታለች። ዓርብ ዓርብ እየመጣች ድስቴን ከፍታ ታይና አንቺን ሆና ትቆጣኛለች። ቁጣው ገና አልሰመረላትም፤ ትማራለች።

የሚታጠፈው የሥራ ጠረጴዛዬም አለ። ደቡቡ ተገንጥሎ አገሩ ለሁለት በተከፈለበት ዓመት እኛም ሆሻችንን፣ የግቢያችንን ሜዳ፣ መክፈላችን ትዝ ይልሻል? እነሱ ስንት አደራዳሪ አስቀምጠው ነው፤ አንቺ በመጥረጊያ እንጨት ጨረስሽው። ከኩሽናው በር እስከ ውሃ በርሜሉ መሬቱን ጫር አደረግሽና፣ ከመስመሩ ወዲህ ሁልጊዜም የአንቺ፣ ከመስመሩ ወዲያ ቀን የእኔ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሁሉም የአንቺ መሆኑን አወጅሽ። እውነትሽን ነበር። በካርቱም ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? ሁለቱን አንገረብ፣ ያው የገመድ አልጋዎቻችንን፣ አውጥተን ሆሹ ላይ ነው የምናድረው። እኔ ደግሞ የኮምፔንሳቶ መቁረጫ ጠረጴዛዬን መሀል ላይ ተክዬ፣ ሰጋቱራ ላይ ነበር የማስተኛሽ።

ስለዚህ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ልሠራ ተገደድኩ። ላዩን ለሁለት ከፍዬ እንደ መጽሐፍ የሚከደን አደረግሁት፤ እግሮቹን በማጠፊያ አያያዝኩ፤ ከሥር የአሮጌ ቢሮ ወንበር ጎማዎች ገጠምኩለት። አንዲት ነገር ብቻ ረሳሁ፤ ፍሬን። ሆሹ ደግሞ ዘቅዘቅ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ኮምፔንሳቶ መጋዝ ባስነካሁት ጊዜ፣ ጠረጴዛው በጎማ እኔ በእግር፣ ድንበርሽን ጥሰን ያሰጣሽው ልብስ ውስጥ ገባን። አንቺ ከበርጩማሽ እንኳ ሳትነሺ፣ እንደ ባጃጅ ቆጥረሽኝ፣ «ረክሻም ሲመጣ ጥሩምባ ይነፋል» አልሽኝ። በማግስቱ ለጎማዎቹ ሁለት ሽብልቅ አስጠረብሽኝ፤ እነሱንም ራስሽ ዘንድ አኖርሽ። ጠዋት በሥነ ሥርዓት ታስረክቢኛለሽ፣ ሲመሽ ትረከቢኛለሽ። የመንግሥት ንብረት እንዲያ ቢያዝ ኖሮ ስንት አገር በዳነ።

ምሽት ላይ «ያላ፣ እጠፍ» ስትይኝ፣ «አንድ ቁራጭ ብቻ ቀረችኝ» እልሻለሁ። «አንተ ስትወለድም አንድ ቁራጭ ቀርቶህ ነው» ትይኛለሽ። እያጉረመረምኩ አጥፌ ግድግዳው ጥግ አቆመዋለሁ፤ አንቺ ውሃ ረጭተሽ አልጋዎቹን ትዘረጊያለሽ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስንጨቃጨቅ ኖርን።

በመጨረሻው ሰሞን፣ ከአልጋ መነሳት ሲያቅትሽ፣ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ላጥፈው ስነሳ፣ «ዛሬ ተወው፣ ደክሞሃል» አልሽኝ። ስድስት ዓመት ስታገልለት የኖርኩት ነፃነት ያ ነበር። የሺዬ፣ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አሁን ሆሹ በሙሉ የእኔ ነው። የሚጠይቀኝ የለም። ያም ሆኖ ሲመሽ አጥፈዋለሁ፤ ያንቺንም አልጋ ከእኔው ጎን አወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሐጂ ከካፉሪ ሰፈር መጡ። የሴት ልጃቸው ሠርግ ደርሷል፤ የአዲስ ቤቷን ቁም ሳጥን በሙሉ እንድሠራ ፈለጉ። እንዲህ ያለ ሥራ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አላየሁም። ግን ቀኑ አጭር ነው፤ ጠረጴዛው ሳይታጠፍ ከርሞ ማታ ማታም ካልሠራሁ አይደርስም። የትርሲት ባል፣ «አባባ፣ አሁን ማን ይተኛበታል? ክፍት ይክረም» አለኝ። ልክ ነው። ይህ ልጅ ልክ ሲሆን ደስ አይለኝም።

ለሐጂው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ እንደማቆም ነግሬ አንድ ሳምንት እንዲጨምሩልኝ ለመንኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። «ሚስቴ አትፈቅድም» አልኳቸው። ሥራው ሲያመልጠኝ ታየኝ። ሐጂው ግን ወደ ቤቱ በር ሰረቅ አድርገው አዩና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ቤት ያው ነው» አሉኝ። ሳምንቱን ጨመሩልኝ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ ቦታሽን ማንም አይነካውም፤ የካፉሪ ቁም ሳጥንም ቢሆን። ይህን ቃል ሰጥቼሻለሁ። የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ሐጂው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «ሰልም ሊ አለይሃ» አሉኝ፤ በእኔ ስም ሰላም በላት ማለታቸው ነው። «ኢንሻላህ» አልኳቸው። የሰው ሰላምታ ይዤ መቅረት አልወድም።

ሰላም ብለውሻል።

ባልሽ