በራሳቸው ፈቃድ አቋረጡ ስለተባሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች

ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኝታ ቤቴ ትራስ ተደግፌ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ሳንባዬ ታሟል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። የሚጠራጠር ካለ የማንን በር በየትኛው ቀን እንዳንኳኳሁ ይጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልደለለኝም። ጸሐፊው ሳሌን ብቻ ትቶ የተናገርሁትንና በፊቴ የተባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በካንሰር ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከቀጠሮ የቀረን ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ ነበር፤ ባልደረቦቼ «አነፍናፊዋ» ይሉኝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊና የአዲሱን ኪኒን ጥናት የሚመራው ሐኪም ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ መቁጠርንም በሸሚዝ ቁልፎች ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

አንደኛ። ይህ ቤት ከነሙሉ ዕቃው ለአንድ ልጄ ይሁን። አሥር ወር አጥባኛለች፣ ደግፋ አስነሥታኛለች፣ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ምላሴን ግን በሕይወት ሳለሁ ቀድማ ስለወረሰች እዚህ አልቆጥረውም።

ሁለተኛ። የስፌት መኪናዬ። ወንድሜን ሐኪም ያደረገው ይህ መኪና ነውና ይገባኛል ይል ይሆናል። አይገባውም። ለልብስ ሰፊው ሚስት ይሰጥ። ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ጥናት ከነበሩት ሕመምተኞች አንዱ ነው። ከቀጠሮ ሲቀር ቤቱ ሄድሁ፤ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። ሚስቱ «ትናንት ቀበርነው እኮ» አለችኝ። ከዚያ በመሐረብ የቋጠረቻቸውን ሦስት ኪኒኖች አውጥታ «እነዚህ ተርፈውታል፤ ለሌላ ሰው ይሁኑ፣ አደራ» አለችኝ።

ኪኒኖቹን ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኋቸው። እሱ ቅጹን ስቦ «በራሱ ፈቃድ አቋረጠ» ብሎ ጻፈ።

«ሰውየው እኮ ሞቷል» አልሁት።

«እትዬ፣ በቀጠሮው ቀን አልመጣም አይደል? ያልመጣ ሰው አቋርጧል ማለት ነው። አንቺ ብቻ ፈርሚ» አለኝ።

ሥጋዬ ነው ብዬ ከሥሩ ፈረምሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ እንዲሁ ፈርሜያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።

ሦስተኛ። አልጋዬ ሥር አሥራ አንድ ደብተሮች አሉ። የሄድሁበት ቀን፣ በሩን የከፈተልኝ ሰው፣ ሕመምተኛው የሞተበት ዕለት፣ ሁሉም ተጽፎባቸዋል። ልጄ በቀብሬ ማግሥት ዋናውን ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ታስረክብ፤ ለሠላሳ አንዱም ቤተሰብ የየራሳቸውን ገጽ ቅጂ ታድርስ። ምክንያቴ ይህ ነው። ኪኒኑን መቶ ሃያ ሰው ጀመረ። ወንድሜ የሞቱትን ሠላሳ አንዱን ከቁጥር አወጣና፣ ከቀሩት መካከል ስንቱ እንደተሻለው አስልቶ አሳተመ። ውጤቱ አማረ፤ እሱም ተሸለመ። ዛሬ ያንን ወረቀት ያመነ ሕመምተኛ ቤቱን ሸጦ ኪኒኑን ይገዛል። ቤቱም ይሄዳል፣ ሰውየውም ይሄዳል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

አራተኛ። ለወንድሜ የምርቃቱን ፎቶግራፍ ትቼለታለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ፤ እንደተሰቀለ ይውሰደው። በቀብሬ ላይ የሕይወት ታሪኬን እንዳያነብ፤ የማይመቸውን መዝለል ይወዳል።

ይቅር በይው የሚሉኝ አልጠፉም። እኔን የበደለኝን ይቅር ማለት እችል ነበር፤ የሠላሳ አንዱን ይቅርታ ግን ማን ሰጠኝና እሰጣለሁ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እኔ ቂሙም ሳሉም አለኝ፤ ስለዚህ አልጸልይም፣ አልሰርቅም፣ እናዘዛለሁ።

ይህን ስናገር ወንድሜ ገባ። ጸሐፊው እንዳያቆም ነገርሁት።

«እትዬ፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው? ምን እያስጻፍሽ ነው?»

«ተቀመጥ። አምስተኛው ላይ ደርሰናል።»

አምስተኛ። ወንድሜ ለሳንባ ካንሰሬ ሌላ ሐኪም ዘንድ የምታከም ይመስለዋል። እኔ ግን አሁን በሚያካሂደው በሁለተኛው ጥናት ውስጥ ቁጥር አርባ ሰባት ነኝ። የመዘገበኝ ረዳቱ ነው፤ ያጸደቀው ግን እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ቁጥር እንጂ ስም አያይም። ያንኑ ኪኒን ስውጥ ሁለት ወር ሆኖኛል።

ወንድሜ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። አልጋዬ አጠገብ ያለውን ብልቃጥ አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«እትዬ፣ በሞቴ! ባንቺ ሳንባ ይሄን? ይገድልሻል እኮ!»

«ምኑ ነው የሚገድለኝ?»

«ኪኒኑ ነዋ! አቋርጪው! አሁኑኑ አቋርጪ!»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ጻፍ፣ እንዳለው ጻፍ አልሁት። ምስክሮችም ሰምታችኋል።

አሁን ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እወደዋለሁ። በማልቀሱም ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ይጻፍ።

እኔ አላቋርጥም። ስሞት «በጥናቱ ላይ ሳለች ሞተች» ተብሎ በእሱ እጅ ይጻፍ። ሌላ ቃል ከተጻፈ ሐሰት ነውና ልጄ ይህን ወረቀት ይዛ ትክሰስ።

የተናዛዥዋ ፊርማ፦ ______

እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው አራት ምስክሮች ተናዛዥዋ ይህን ቃል በሙሉ አእምሮዋ ስትሰጥ፣ ወንድሟም ከላይ የተጻፈውን ሲናገር በጆሯችን ሰምተናል። ጽሑፉ ተነቦልን ትክክል መሆኑን አረጋግጠናል። ብልቃጡን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ፣ የዕለቱን ኪኒን በውኃ ውጣ ስትፈርም በዓይናችን አይተናል።

ጡረተኛዋ ነርስ ______
የመንገድ ማዶው ፀጉር አስተካካይ ______
ጎረቤት አናጺው ______
ተከራዩ መምህር ______