በሲም ካርድሽ የገባው ቁጥር

ይድረስ ለልጄ ለመቅዲ። መድኃኔ ዓለም በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ቀጨኔ ግን መብራት ከጠፋ ሰነበተ።

«ለሁለተኛው በረራ መንገድ ላይ ሆኜ በኢንተርኔት ቼክ ኢን ሳደርግ፣ የሚላከው ኮድ አንቺ ዘንድ በተውኩት ሲም ካርድ ይገባል» ብለሽኝ ነበር። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። አዲሱ ገበያ ሄጄ ፀጉር አስተካካዩ ያዕቆብ ጄኔሬተር ላይ ሰካልኝ። ኮዱ ገብቷል። «ጊዜው አልፎበታል፣ እማማ» አለኝ።

ብደውል ስልክሽ ዝግ ነው። «አውሮፕላኑ ወንበር ላይ ሶኬት አለ፣ ስልኬ አይዘጋም» አላልሽም? ታዲያ አልተሳፈርሽም ማለት ነው? ማንን ልጠይቅ፣ የኔ እናት?

እመቤቴ ባለሽበት ትጠብቅሽ። ብቻ ድምፅሽን አሰሚኝ።

እናትሽ ሙሉእመቤት

ኮዱ ምናልባት ከሠራልሽ፣ 407186 ነው።