የወፍጮው ዕጣ

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለክንዴ። ብርዱና ጉዞው እንደምን ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ክብር ለመድኃኔዓለም።

ገንዘብ አዋጥተን ለማኅበሩ ወፍጮ ዕጣ ከገዛን ይኸው ሦስተኛ ገናችን። ወፍጮውም ትርፉም አልመጣ፤ ዛሬም በእጃችን እንፈጫለን። ትናንት ሊቀመንበሩ ሰብስቦ፣ "ለገና ምን ትመኛላችሁ?" አለን። አሻግሬ፣ "ዕጣዬን መልሱልኝና በግ ልግዛበት" አለ። ስንቄ፣ "እኔስ ሳልሞት ወፍጮው ሲጮህ ልስማ" ብላ አሳቀችን። እኔ ዕጣዬ በአንተ ስም ይዙርልኝ አልኩ።

"ራሱ መጥቶ ይፈርም" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አሥመራ ዘምቷል" ስለው፣ "እንግዲያው ፊርማው ይምጣ" አለ። ሰው ይህን ያህል ወረቀት ይወዳል?

በኅዳር የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ "ደህና ነኝ" ይላል። ጽሕፈቱ ያምራል። ያንተ ፊደል ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ እንዲህ ያለውን አያለሁ። ጓደኛህ ጽፎልህ ይሆናል።

ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። ከዚህ ወረቀት ግርጌ ባዶ ቦታ ትቼልሃለሁ፤ በገዛ እጅህ ፈርምና መልሰህ ላክልኝ። ሊቀመንበሩ ባይቀበለውም ግድ የለም።

እመብርሃን በጥላዋ ታኑርህ።

እናትህ ገበያነሽ