መብራት ሲመጣ

ታኅሣሥ 18፣ 2003

ሰኞ። የምግብ ቤቴ ገበያ ቀዝቅዟል። ትናንት ጄኔሬተሩ አንዴ አጓራና የገና ዛፉ አምፖሎች ቦግ ብለው ድርግም አሉ። አሁን ጥግ ላይ የተገተረ ፕላስቲክ ነው። የአገሩ ሰው ደንበኛዬ ላዱ ዛሬም ባቄላውን ሊበላ መጥቶ አየና «ክሪስማስ ኸላስ፣ አለቀ። አውርጂው» አለኝ። የናንተ ነው ያለቀው፣ የኛ ገና መች ደረሰ? አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። በዚህ ቤት ሁለት ገና ነው የሚከበረው።

ታኅሣሥ 20

ሮዳስ አገር ቤት ሄደች። ሳሌምም ነገ ትሄዳለች። አስተናጋጅ ሳይኖረኝ ልከርም ነው። እዚህ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ሕዝቡ ለመገንጠል ድምፅ ሲሰጥ ጦርነት ይነሳል፣ አይነሳም… ማን ያውቃል?

ማታ እንድሪያስም ቲኬቱን አሳየኝ። ለሃያ ሰባት። ወንድሜ እንኳ።

«እትዬ፣ አብረን እንውጣ። ሲረጋጋ እንመለሳለን።»

ምኑን ትቼ? ከሸራ ዳስ ተነስቼ ያቆምኩትን ቤት? ደግሞ ገናን ብቻዬን ውዬ አላውቅም። ዘንድሮ ልውል ነው ማለት ነው…

ታኅሣሥ 22

ለመንኩት። አለቀስኩበትም። ገናን አውለኝና ሂድ፣ ሌላ ምንም አልልህም አልኩት። ከሰዓት ወጥቶ ቲኬቱን ለሠላሳ አስለውጦ መጣ።

«አንቺ ጨቅጫቃ። ዛፍሽን አብርቼልሽ ነው የምሄደው።»

ደስ አለኝ። ሽሮውን ራሴ ሠራሁለት።

ታኅሣሥ 26

ሁለት ቀን ሙሉ ከዛፉ ጋር ትግል። እነዚህ አምፖሎች አንዱ ባንዱ ተንጠልጥለው ነው የሚበሩት አለኝ፤ አንዱ ሲሞት መንገዱ ይዘጋል። ደህና መሆኑን ያወቀውን አንድ አምፖል ይዞ እየነቀለ፣ እየሰካ፣ እያየ… እኔ የተነቀለውን ተቀባይ። ምንም የለም። በመጨረሻ ሽቦውን በቴስተር ተከተለው። እስከ መሐለኛው ቅርንጫፍ ቴስተሩ ይበራል፣ ከዚያ ወዲያ ድርቅ። አንዱ የአምፖሉ ቤት ራሱ ቀልጧል! አምፖል ስንቀያይር የዋልነው በከንቱ።

«ቆርጬ አወጣውና ሽቦውን አጋጥመዋለሁ» አለ። መጋጠሚያውን የሚጠቀልልበት ፕላስተር ጠፋ፤ ከገበያ ሊያመጣ ነው።

የከተማው መብራት ከኅዳር ወዲህ ዞር ብሎም አላየንም። ሁሉ ነገር በጄኔሬተር። እሱም እያረጀ ነው።

ታኅሣሥ 28

ዋዜማ። ሽንኩርቱ እሳት ላይ ነው። ወለሉን አጠብኩ፣ ገና አልደረቀም። እንድሪያስ ጫማው እንዳይረጥብበት አውልቆ ዛፉ ሥር ቆሟል። ፕላስተሩን አገኘ። እየዘፈነም ነው፣ ድምፅ የለውም እንጂ። «ጄኔሬተሩን አጥፊልኝ፣ እትዬ» እያለ ይጮሃል። ልሂድ።

ጥር 6

ፍቼ። እናቴ ቤት። እንግዳው ሁሉ ሲበተን ይኸን ደብተር ከሻንጣዬ አወጣሁ። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

አጠፋሁት። ጄኔሬተሩን አጥፍቻለሁ። እጄ ግን ማዞሪያውን ወደ ከተማው መስመር መለሰው። ጄኔሬተር ባጠፋሁ ቁጥር የማደርገው ነው፤ መብራት ድንገት ቢመጣ ፍሪጁ እንዳያመልጠው። ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያደርገዋል። አላሰብኩትም። እንድሪያስም የዛፉን ሶኬት አልነቀለም። መብራት በሌለበት አገር ማን ሶኬት ይነቅላል?

ወደ ወጤ ተመለስኩ። ብዙም አልቆየሁ… ሰፈሩ ጮኸ። «መጣ! መጣ!» ልጆች አፏጩ። እኔም እልል አልኩ። ለገና መጣልን ብዬ፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ፣ እልል እያልኩ ወጣሁ።

ዛፉ በርቷል። ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይቀር። ሽቦውን አጋጥሞ ጨርሶ ነበር፤ የቀረው ፕላስተሩን መጠቅለል ብቻ። እሱ ግን ባጠብኩት ወለል ላይ በባዶ እግሩ ወድቋል። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሮጦ ሶኬቱን የነቀለው ላዱ ነው። ሐኪም ቤትም እሱ አደረሰን… ምን ዋጋ አለው።

በሠላሳ በረርን። በለወጠው ቀን። እኔ ወንበር ላይ፣ እሱ ከዕቃው ጋር።

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። «በሃያ ሰባት እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ምን አስቀረው?»

እኔ ነኝ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

የካቲት 17

ጁባ። ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ሳሌምም ተመልሳለች፤ የሸሸው ሁሉ ተመልሷል። ድምፁ በሰላም አለፈ፣ ሰዉም ሲጨፍር ሰነበተ አሉ። የተፈራው ጦርነት አልተነሳም። ቢነሳ ይሻለኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ይኸ ምን ዓይነት ክፋት ነው?

ዛፉ ቦታው ላይ የለም። የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም። ላዱ ባቄላውን እየበላ ወደዚያ ጥግ ላለማየት ጀርባውን ይሰጠዋል።

ዛሬ ከሰዓት መብራት መጣ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ጮኸ። ሳሌም ልታጨበጭብ እጇን አነሳችና እኔን ስታይ መለሰችው። ተነስቼ በየግድግዳው ዞርኩ። የቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፣ የማራገቢያውን ነቀልኩ፣ የፍሪጁንም። ሥጋ ሞልቶበታል። ይበላሽ። ደንበኞቹ ማንኪያቸውን ይዘው ያዩኛል፣ ለምን ያለኝ ግን የለም።